ኤላስቶግራፊ ያለው አልትራሳውንድ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ፕሮቡን እዩ

ባለፉት ጥቂት ወራት አምስት የትምህርት ቤት ጓደኞቼ እየደወሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። የመጨረሻው ደሴ ላይ ክሊኒክ ሊከፍት ነው። «ስሚማ፣ የጡትና የእንቅርት እብጠት የሚለይ፣ ኤላስቶግራፊ ያለው፣ ከካርቶኑ ያልወጣ አዲስ አልትራሳውንድ በ9,000 ዶላር አገኘሁ። ልግዛው?» አለኝ። «እንዳትገዛው!» አልኩት። ምክንያቱን ለማስረዳት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ስልኩም ሁለት ጊዜ ተቋረጠብን። ስድስተኛው ሳይደውል ጽፌ ላስቀምጠው። ለማያውቀው፣ ኤላስቶግራፊ እብጠቱ ደረቅ ነው ወይስ ለስላሳ የሚለውን በቀለም የሚያሳይ ነው፤ ፕሮብ ደግሞ ሰውነት ላይ የሚያርፈው የማሽኑ ክፍል ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። በዚህ ገንዘብ አካባቢ ገበያው ላይ የምታገኙት ሦስት ነገር ነው። አንደኛው አዲስ፣ ርካሽ፣ «ሁሉንም እሠራለሁ» የሚል ማሽን ነው። ሁለተኛው ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ያገለገለና ታድሶ የመጣ ማሽን ነው። ሦስተኛው ከስልክ ጋር የሚሠራው የእጅ ፕሮብ ነው። የእኔ ምርጫ ሁለተኛው ነው። ዕጢ ፍለጋ ለሚሠራ ክሊኒክ ሌላውን አልመክርም። የስክሪን ስፋት፣ የሃርድ ዲስክ መጠን፣ ስንት የፕሮብ መሰኪያ አለው የሚለውን ካታሎግ ላይ ታገኙታላችሁ። እኔ የምጽፈው ካታሎግ ላይ የማይጻፈውን ነው።

460,000 ብር ያስተማረኝ

በ2013 ዓ.ም. ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ትንሽ የምርመራ ማዕከል ከፈትን። አዲስ ማሽን በ460,000 ብር ገዛን። ያኔ የሦስታችን የሁለት ዓመት ቁጠባ ነበር። የማሽኑንም የሻጩንም ስም አልጠራም። ካታሎጉ ላይ «ኤላስቶግራፊ» የሚለው በትልቁ ተጽፎ ነበር። ቁልፉን ስንጫነው ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቀይ ቀለም ይመጣል፤ ሰማያዊው ደረቅ፣ ቀዩ ለስላሳ፣ አረንጓዴው መሀል ላይ ያለ ማለት ነው። በጣም ያምራል። ደስ አለን።

ሦስት ወር ከሠራሁበት በኋላ ነገሩ አልዋጥ አለኝ። በጣት ሲነካ ለስላሳ የሆነን እብጠት ማሽኑ ደረቅ ነው ይለኛል። ናሙና ተወስዶ ካንሰር የሆነው ደግሞ አረንጓዴ ለብሶ ይመጣል። እውነተኛው ኤላስቶግራፊም ይሳሳታል፤ ውስጡ የሞተ ትልቅ ዕጢ ለስላሳ ሊመስል ይችላል፣ የቆየና ካልሲየም የያዘ ፋይብሮአዴኖማ (ካንሰር ያልሆነ የጡት እብጠት) ደግሞ ድንጋይ ሊመስል ይችላል። የእኛው ማሽን ስህተት ግን መልክ አልነበረውም።

ጋሼን ጠራኋቸው። ጋሼ የምንላቸው ዕድሜያቸውን በሙሉ አልትራሳውንድ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ የባዮሜዲካል ባለሙያ ናቸው። ማሽኑን ዞር ዞር እያሉ አዩት። ከዚያ «ዶክተር፣ ነገ የዶሮ ደረት ሥጋና አንድ ካሮት ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

በማግስቱ ከካሮቱ የጣት ጫፍ የምታህል ቆርጠው ሥጋው መሀል ቀበሯት። አየር እንዳይገባበት ሥራውን ሳህን ውሃ ውስጥ አድርገው ነበር የሠሩት። ላዩ ላይ ጄል ቀቡ። ፕሮቡን በሁለት የመጽሐፍ ክምር መሀል አስረው አቆሙት። ማንም እንዳይነካው አሉ። ኤላስቶግራፊውን ከፈቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ርካሽ ማሽኖች ላይ «ኤላስቶግራፊ» የሚባለው ስትሬን የሚሉት ዓይነት ነው። ሥጋው በፕሮቡ ትንሽ ሲጫን የቱ ቦታ ብዙ ተጨመቀ፣ የቱ አልተጨመቀም ብሎ ያወዳድራል። ካልተጫነና ካልተነቃነቀ የሚያወዳድረው ነገር የለም። ስለዚህ ትክክለኛ ማሽን ቀለሙ ሲዘበራረቅ፣ ሲጠፋ፣ ወይም የጥራት ምልክቱ ሲወድቅ ታያላችሁ። የእኛ ግን የረጋና ጥርት ያለ ሥዕል ሰጠን። ግራጫው ሥዕል ላይ ጨለማ የነበረው ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። ብሩህ የነበረው ሁሉ ቀይ ሆነ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው «ይሄ ጥቁርና ነጩን ቀለም ቀብቶት ነው እንጂ ምንም የለካው ነገር የለም» አሉ።

ማሽኑን ለእርግዝና ክትትል ብቻ ለሚፈልገው ሰው በ210,000 ብር ሸጥነው። ኤላስቶግራፊው እንደማይሠራ ነግረነው ነው። ሩብ ሚሊዮን ብር ሄደ። ከገንዘቡ በላይ ግን በእነዚያ ሦስት ወራት «ለስላሳ ነው» ብዬ የጻፍኩት ሪፖርት ሁሉ እንቅልፍ ነሣኝ። አንድ በአንድ እየደወልን መልሰን ጠራናቸው፤ በነጻም አየናቸው።

ዕጢን የሚያሳየው ግራጫው ሥዕል ነው

ገዢዎች ሲደውሉልኝ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ኤላስቶግራፊ አለው ወይ?» ብለው ነው። መጠየቅ ያለባቸው «ሊኒየር ፕሮቡ ምንድን ነው? ዕድሜውስ?» ብለው ነው። ሊኒየር ማለት ፊቱ ቀጥ ያለው፣ ጡትና አንገት የምናይበት ፕሮብ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ደረቅነትን በአልትራሳውንድ የማየት ሐሳብ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ጆናታን ኦፊርና ባልደረቦቹ ሂውስተን ውስጥ ባሳተሙት ሥራ ነው። በ2003 አካባቢ ለገበያ በሚቀርብ ማሽን ላይ ገባ። የጡት ሪፖርት የምንጽፍበት ባይራድስ እ.ኤ.አ. በ2013 እትሙ ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ የሚለውን አካቶታል። ግን እዚያው ላይ ቅርጹ፣ ጠርዙና አቀማመጡ ከደረቅነቱ እንደሚበልጡ ተቀምጧል። የእንቅርቱን ደግሞ እዩት። የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ታይራድስ አምስት ነገር ነው የሚቆጥረው፤ ውስጡ ምን ይመስላል፣ ምን ያህል ጨለማ ነው፣ ከስፋቱ ይልቅ ቁመቱ ይበልጣል ወይ፣ ጠርዙ እንዴት ነው፣ ውስጡ የሚያበሩ ነጠብጣቦች አሉ ወይ። ኤላስቶግራፊ ከአምስቱ አንዱ አይደለም። አምስቱም የሚታዩት በተራው ግራጫ ሥዕል ነው። ከዚያ የሚቀረው ማስመሪያ ነው። ከፍተኛ ጥርጣሬ ያለበት 1 ሴንቲሜትር ከሞላ የመርፌ ናሙና ይወሰድለታል፣ መካከለኛው 1.5፣ ዝቅ ያለው 2.5 ሲደርስ።

ይሄን ሁሉ የምታዩት በጥሩ ሊኒየር ፕሮብ ነው። ፕሮቡ ደካማ ከሆነ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ነጠብጣቦቹ ይጠፋሉ፤ ውሃ የቋጠረውና ጠጣሩ ይመሳሰላሉ። በደበዘዘ ሥዕል ላይ የተቀባ ቀለም ምንም አይጠቅማችሁም።

ኤላስቶግራፊ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። እኔ በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። «ስድስት ወር ቆይተሽ ነይ» እና «ዛሬውኑ ናሙና እንውሰድ» መሀል ስወዛገብ ሚዛኑን ይደፋልኛል። ናሙናን ግን አይተካም። ኤላስቶግራፊ አለን ብሎ ባዮፕሲ የሚያስቀር ክሊኒክ ካያችሁ ከዚያ ሽሹ።

ታድሶ የመጣው ማሽን፣ ከነዋጋው

አሁን ወደ ገንዘቡ። ባለፈው ዓመት ለእኔና ለጓደኞቼ ከተሰጡ ፕሮፎርማዎች ነው የምነግራችሁ። እንደ ጂኢ ሎጂክ ኢ9፣ ፊሊፕስ አይዩ22፣ ሲመንስ አኩሰን ኤስ2000 ያሉት የትልቅ ሆስፒታል ማሽኖች ታድሰው ከአንድ ኮንቬክስ (ፊቱ ጎበጥ ያለ፣ ሆድ የሚታይበት) እና ከአንድ ሊኒየር ፕሮብ ጋር ከ11,000 እስከ 18,000 ዶላር ተጠይቆባቸዋል። ልዩነቱን የሚያመጡት የተመረቱበት ዓመት፣ የሶፍትዌሩ ቁጥርና የፕሮቦቹ ሁኔታ ናቸው። አዲስ የነበሩ ጊዜ ዋጋቸው የዚህ ብዙ እጥፍ ነበር። እንግዲህ በ9,000 ዶላር አዲስ ከሚባለው ጋር አስተያዩት። በ4,000 ወይም በ5,000 ዶላር ጭማሪ ሌላ ዓለም ውስጥ ትገባላችሁ።

እኛ በ2014 ዓ.ም. 730,000 ብር አውጥተን ነው የታደሰውን የገዛነው። ተበድረን ነው። እስከ ዛሬ እየሠራ ነው።

ግን ወጥመድ አለው፤ ሳልነግራችሁ ብቀር ጥፋቱ የእኔ ነው። የመጀመሪያው የኤላስቶግራፊው ፈቃድ ነው። በእነዚህ ማሽኖች ላይ ኤላስቶግራፊ ለብቻው የሚገዛ የሶፍትዌር ቁልፍ ነው። ማሽኑ አለው ማለት ተከፍቷል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ሻጭ ለማሳያ የሚሰጠውን ጊዜያዊ ቁልፍ አስገብቶ ያሳያችኋል። ቀኑ ሲያልቅ ይዘጋል። መልሶ ማስከፈቱ በሺዎች ዶላር ነው። ስለዚህ የሶፍትዌር አማራጮቹ የሚታዩበትን ገጽ አስከፍቱ። ከኤላስቶግራፊው አጠገብ «ቋሚ» የሚል ነው ወይስ የማብቂያ ቀን አለው? ፎቶ አንሱት። ውሉ ላይ አጽፉት።

ሁለተኛው የትኛው ፕሮብ ኤላስቶግራፊ ይሠራል የሚለው ነው። ሁሉም አይሠራም። ማሽኑ ፈቃድ ኖሮት ሻጩ የሰጣችሁ ሊኒየር ፕሮብ ላይ ግን ቁልፉ ላይበራ ይችላል። ከክፍያ በፊት ይሰካ፣ ይሞከር።

ሦስተኛው ቮልት ነው። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን በ110 ቮልት የተስተካከለ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ በቀላሉ ይቀየራል፤ አንዳንዱ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ሳትጠይቁ 220 ላይ እንዳትሰኩት። ክብደቱንም አትርሱ። ከመቶ ኪሎ በላይ ነው። ሊፍት የሌለው ሁለተኛ ፎቅ የተከራየ ጓደኛዬ ለስድስት ተሸካሚዎች 12,000 ብር ከፍሏል። ደረጃው ላይ አንድ ጎማ ተሰብሮበታል።

ወረቀቱም አለ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያላወቀው ዕቃ ጉምሩክ ላይ ይቀመጣል፤ የመጋዘኑን እናንተ ትከፍላላችሁ። ከዲሲ ወይም ከዳላስ ዘመድ በሻንጣ ፕሮብ የሚያስመጡ አሉ። ቦሌ ላይ ሲያዝ የሚደርሰውን ወጪ ከቁጠባችሁ ቀንሱት።

የ900 ዶላሩ ፕሮብ

ይሄን ስጽፍ አሁንም እጄ ይከብደኛል።

በ2015 ዓ.ም. የሊኒየር ፕሮባችን ፊት ላይ ያለው ጎማ ተሰነጠቀ። ጥፋቱ የእኛ ነው። ጽዳት የምትሠራው ልጅ በበረኪና ስትወለውለው ኖራለች፤ እኛም አልነገርናትም። አልኮልና በረኪና ያንን ጎማ ያደርቁታል። ለስላሳ ጨርቅ፣ ውሃና አምራቹ የፈቀደው ማጽጃ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ፈትሸው የሚሸጡት ያገለገለ ኦሪጅናል ፕሮብ 2,400 ዶላር ተባልን። ሌላ ሻጭ ደግሞ «ያው ነው፣ አዲስ ነው» ብሎ በ900 ዶላር አመጣ። 1,500 ዶላር ማትረፍ ማንን ያስጠላል? ገዛን። ማሽኑ አወቀው፤ ስሙንም ስክሪኑ ላይ ጻፈው። መለያ ቺፑን ቀድተውታል ማለት ነው። ድምፁን የሚልከውንና የሚቀበለውን ክሪስታል ግን ሊቀዱት አልቻሉም።

ሁለት ወር ሠራንበት። አንድ ቀን አንዲት እናት ጡቷን እያሳየች «እዚህ ጋ ይወጋኛል» ብላ መጣች። በእጅ ስነካው ምንም የለም። በአዲሱ ፕሮብ አየሁ፤ ምንም የለም። ሥዕሉ ከሁለት ሴንቲሜትር በታች ጭጋግ ነበር። ሸኝቼያት ልነሣ ስል ልቤ አልቆረጠም። የተሰነጠቀውን አሮጌ ፕሮብ ከመሳቢያ አውጥቼ ሰካሁት። ደህና በሆነው ግማሹ አየሁ። 7 ሚሊሜትር የምትሆን፣ ጠርዟ የተንጨፈረረ፣ ከስፋቷ ቁመቷ የሚበልጥ ጥቁር ነገር እዚያው ተቀምጣለች። በዚያው ሳምንት ናሙና ተወሰደ። ካንሰር ነበር። ገና ትንሽ ስለነበረ በጊዜ ታከመች።

በሀገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉም በላይ የሚገኘው ካንሰር የጡት ነው። አብዛኛዎቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዘግይተው ነው። በጊዜ የመጣችውን አንዷን 1,500 ዶላር ለማትረፍ ብዬ ልሸኛት ነበር።

ስለዚህ ፕሮብ ስትገዙ እንዲህ አድርጉ። ሥዕሉን ክፈቱ፤ ጄል ሳታደርጉ ብርሃኑን ከፍ አድርጉ። የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ዘርግታችሁ በፕሮቡ ፊት ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀስታ ጎትቱት። ሽቦው ባለፈበት ሁሉ ስክሪኑ ላይ አብሮት የሚሄድ የብርሃን መስመር ታያላችሁ። መስመሩ የሆነ ቦታ ላይ ከጠፋ ወይም ከደበዘዘ እዚያ ያለው ክሪስታል ሞቷል። አንድ ሁለት ጠርዝ ላይ ቢሆን ዋጋ አስቀንሱበት። መሀል ላይ አጠገብ ለአጠገብ ሦስት አራት ከሞተ አትንኩት።

ቀጥሎ የራሳችሁን አንገት እዩ። እንቅርት የሚወጣበት የታይሮይድ ዕጢ ሸካራነት ጥርት ብሎ ካልታየ፣ ከበስተኋላው ያለው ጡንቻ ካልተለየ ፕሮቡ ደካማ ነው። ገመዱን ከአንገቱ ላይ እያጠፋችሁ ሥዕሉ ይቆራረጥ እንደሆነ ተመልከቱ። አይጥ የበላው ገመድ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ ሲሸጥም አይቻለሁ። የተከታታይ ቁጥሩን ደግሞ ለአምራቹ ወኪል ልካችሁ አስጠይቁ። ሐሰተኛው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይያዛል።

መብራትና ዶላር

የታደሰ ማሽን ጠላቱ መብራት ነው። ሄዶ ሲመለስ ነው የሚገድለው። እኛ ስታቢላይዘር ብቻ ነበረን። በሰኔ 2016 ፓወር ሰፕላዩ ድምፅ ማሰማት ሲጀምር ዋጋ ጠየቅን፤ 85,000 ብር ተባለ። «ትንሽ እንታገሠው» አልን። ሐምሌ ላይ ተቃጠለ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በዚያው በሐምሌ 22 የብር ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከእጥፍ በላይ ሆነ። ያንኑ ፓወር ሰፕላይ በ176,000 ብር ገዛነው።

ያልሠራንበትንም ቁጠሩ። በቀን 15 ሰው፣ በ600 ብር፣ 9,000 ብር ነው። 40 ቀን ቆምን። 360,000 ብር። ጥሩ ኦንላይን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድና ሲመለስ ማሽኑን የሚጠብቅ ባትሪ) ብንገዛ የዚህን ሲሶ አይፈጅም ነበር። አሁን ማሽን የሚገዛ ሰው ሲጠይቀኝ ዩፒኤሱን ከማሽኑ ዋጋ ጋር ደምሩት እላለሁ።

ታዲያ አዲሱ ርካሽ ማሽን አይቃጠልም ወይ? ይቃጠላል። ልዩነቱ መለዋወጫው ላይ ነው። የታወቀው ማሽን በዓለም ላይ በብዛት ስለተሸጠ የፈረሰም በብዛት አለ። ቦርዱ ከዱባይም ከቱርክም ይገኛል። እንደ ጋሼ ያለ ሰው ውስጡን በእጁ ያውቀዋል። ርካሹ ማሽን ግን ሞዴሉ በሁለት ዓመቱ ይቀየራል። አስመጪው «ያ ሞዴል ቀርቷል፣ አዲሱን ግዙ» ይላችኋል። «የሁለት ዓመት ጋራንቲ» የሚለውም ፕሮቡን እንደማይጨምር ከውሉ ሦስተኛ ገጽ ላይ በትንሹ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ፕሮብ የሌለበት ጋራንቲ ጎማ የሌለበት መኪና ነው።

የእጅ ፕሮቡ

አጭር ልበል። እንደ በተርፍላይ ያሉት ጥሩ ሥራ ይሠራሉ። የመጀመሪያው በ2017 እ.ኤ.አ. ሲፈቀድ ከ2,000 ዶላር በታች ነበር የተዋወቀው። ገጠር ለሚዞር፣ ለድንገተኛ ክፍል፣ ሆድ ውስጥ ደም ወይም ውሃ ለመፈለግ፣ የፅንስ ልብ ለማየት አደንቀዋለሁ። ደቡብ ኦሞ የሚሠራ ጓደኛዬ በእጅ ፕሮብ ጉበት ላይ ያለ የሃይዳቲድ ቋጠሮ (በጥገኛ ትል የሚመጣ፣ ውሃ የያዘ) አግኝቶ መርፌ ሳያስገባ ወደ ሆስፒታል ልኳል። መርፌ ቢያስገባ ሰውየው በአለርጂ ሊሞት ይችል ነበር።

ጡት ውስጥ 7 ሚሊሜትር ለመፈለግ ግን አይሆንም። ዓመታዊ ክፍያም አለው፤ ክፍያው በውጭ ካርድ ነው። ካርድ ያለው ዘመድ ከሌላችሁ አስቡበት። ስም የሌላቸው ባለ ሁለት አፍ ሽቦ አልባ ፕሮቦች ደግሞ አሉ፤ ከ800 ዶላር ጀምሮ ይሸጣሉ። ሦስቱ እጄ ገብተው አይቻቸዋለሁ። የአንዱ ባትሪ በአራተኛው ወር አበጠ፤ የሁለቱ አፕ የስልክ ሶፍትዌር ሲታደስ መከፈት አቆመ። አትግዙ።

ገንዘብ ከተረፋችሁ፤ ሺር ዌቭና ኮንትራስት

ሺር ዌቭ የሚባለው ከስትሬን ይለያል። ማሽኑ ራሱ በድምፅ ገፍቶ ሥጋው ውስጥ ማዕበል ያስነሣል፤ ማዕበሉ የሚሄድበትን ፍጥነት ይለካል። ደረቅ ነገር ውስጥ ቶሎ ይሄዳል። ቀለም ብቻ ሳይሆን ቁጥር ይሰጣችኋል፣ በኪሎፓስካል ወይም በሜትር በሰከንድ። እጅ ሲጫን ግን ቁጥሩ ያለአግባብ ከፍ ይላል፤ ጡት ላይ ፕሮቡን ሳትጫኑ ጄሉ ላይ ማንሳፈፍ አለባችሁ።

አዲስ ሆኖ ይሄ ያለው አስተማማኝ ማሽን ከ40,000 ዶላር በታች አልቀረበልኝም። የሄፓታይተስ ቢ ታካሚ በብዛት የምታዩ ከሆነ ያዋጣል። የጉበቱን ጠባሳ ያለ መርፌ ትከታተላላችሁ። ታካሚው ቢያንስ አራት ሰዓት ሳይበላ ይምጣ። ለጡትና ለእንቅርት ብቻ ከሆነ ግን ከታደሰው ማሽን ጋር ያለውን የ25,000 ዶላር ያህል ልዩነት አልከፍልም። በእሱ ሁለተኛ ሊኒየር ፕሮብ፣ ዩፒኤስና የባዮፕሲ መሣሪያ ገዝቼ ይተርፈኛል። አንዳንድ የታደሱ ማሽኖች ደግሞ ሺር ዌቭ አላቸው፤ አኩሰን ኤስ2000 ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፣ ሎጂክ ኢ9ም በኋለኛው ሶፍትዌሩ ላይ አለው። ካገኛችሁ እሰየው።

ኮንትራስቱን እኔ በጣም እወደዋለሁ፤ ልትገዙት ግን አልመክርም። ሶኖቪው የሚባለው መድኃኒት ጋዝ የያዙ ጥቃቅን አረፋዎች ነው። በደም ሥር ይሰጣል። አረፋዎቹ ከደም ሥር አይወጡም፤ ጋዙ በትንፋሽ ይወጣል፤ ኩላሊት አይጎዳም። ጉበት ላይ ያለ እብጠት መቼ እንደሚበራና መቼ እንደሚጠፋ በዓይናችሁ ታያላችሁ። የጉበት ካንሰር መጀመሪያ ቦግ ይልና ከደቂቃ በኋላ ቀስ ብሎ ይጠፋል። ከሌላ ቦታ የተሰራጨው ደቂቃ ሳይሞላ ይጠፋል። ሄማንጂዮማ (ካንሰር ያልሆነ የደም ሥር እብጠት) ከዳር ወደ መሀል ይሞላል። ሲቲ ስካን የሌለበት ከተማ ላለ ሐኪም ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ጠርሙሱ ነው። አንዱ ጠርሙስ ለአንድ ምርመራ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ የሚቆየው 6 ሰዓት ነው። በየወሩ ሳይቋረጥ የሚያቀርብላችሁ አስመጪ ሳይኖር የኮንትራስት ሶፍትዌር መግዛት በረት ሳይኖር ላም መግዛት ነው። አንድ ማዕከል ለሶፍትዌሩ ብቻ 6,000 ዶላር ከፍሎ በሁለት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ሰው ነው ያየበት።

የደሴው ጓደኛዬ

የ9,000 ዶላሩን ተወው። ከሁለት ወር ፍለጋ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የታደሰ ማሽን አገኘ፤ ዋጋው 14,200 ዶላር። ሊያየው ሲሄድ ጋሼን አብሬ ላክሁለት። ለቀኑ 5,000 ብር ነው የከፈላቸው።

ከሰዓት በኋላ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ሳህን ላይ የዶሮ ሥጋ፣ ከጎኑ የተቆረጠ ካሮት፣ ከበስተኋላ ግራ የተጋባ የሻጩ ሠራተኛ። ሁለተኛው ፎቶ ስክሪኑ ነው። ጋሼ በቀስታ ሲጫኑት ካሮቷ ጥርት ያለች ሰማያዊ ክብ ሆናለች፣ ዙሪያዋ አረንጓዴ። ሦስተኛው ፎቶ ላይ እጃቸውን ሲያነሡ ቀለሙ ተበታትኗል። የኤላስቶግራፊው ፈቃድ «ቋሚ» ይላል። ሽቦውን ሲጎትቱ ግን ሊኒየሩ ጠርዝ ላይ ሁለት ክሪስታል ሞቶ ተገኘ። 13,600 ላይ ተስማሙ፤ ሻጩ የስድስት ወር የፕሮብ ዋስትና በጽሑፍ ጨመረ። ማሽኑ ባለፈው ሐሙስ ደሴ ገብቷል። ዩፒኤሱ ቀድሞት ደርሶ ነበር።